ጓዙን ሁሉ ጫንኩ፤ የረሳሁት ሰውን ነበር!

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ፣ አንባብያን! ቤት ቀይራችሁ ታውቃላችሁ? ከሰፈር ወደ ሰፈር ማለቴ አይደለም። ሚስት፣ ልጆችና አማት ይዛችሁ፣ አሥራ ስምንት ዓመት የኖራችሁበትን ስቴት ለቃችሁ ሌላ ስቴት ገብታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ገብቻለሁ። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2022 ከቨርጂኒያ ወደ ቴክሳስ ጓዜን ጠቅልዬ ሄድኩ።

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ስልኬ አላረፈም። «ቴክሳስ እንዴት ነው? እኛም እንምጣ እንዴ?» የሚለኝ ብዙ ነው። የቤቱን ዋጋ፣ ታክሱን፣ ሙቀቱን እነግራቸዋለሁ። አንድ ነገር ግን በስልክ አልናገርም። እሱን ዛሬ እዚህ እጽፈዋለሁ። ስሜ እስካልወጣ ድረስ ምን ቸገረኝ!

ኪራይ ያሳደደው ሐበሻ

ለነገሩ የዋሽንግተን አካባቢ ሐበሻ ለመሰደድ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ በር ከከፈተላቸው ወገኖቻችን ብዙዎቹ አዳምስ ሞርጋን፣ አሥራ ስምንተኛው መንገድ ላይ ነበር የተሰባሰቡት። እዚያ ኪራይ ሲንር ወደ ዩ ስትሪትና ዘጠነኛው መንገድ ወረዱ። እሱም ሲወደድ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ገቡ። ኪራይ ከኋላ እያባረረ፣ ሐበሻ ከፊት ከፊት እየሮጠ ማለት ነው።

እኛም አሌክሳንድሪያ በባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ስድስት ሆነን እንኖር ነበር። አማቴ ከትልቋ ልጄ ጋር በአንድ ክፍል፣ ሁለቱ ወንዶች ልጆቼ ሳሎን፣ እኔና ባለቤቴ በቀረችው። እኔ ማታ ማታ ፓርኪንግ እሠራለሁ፤ ባለቤቴ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የነርስ ረዳት ናት። ደመወዛችን ከኪራይ አልፎ ሌላ ነገር አይቶ አያውቅም።

ታዲያ ዳላስ አጠገብ የሚኖር አብሮ አደጌ ደወለልኝ። «ምን ትሠራለህ እዛ? እዚህ የስቴት የገቢ ታክስ የሚባል ነገር የለም። በዓመትህ ቤት ትገዛለህ!» አለኝ። በቃ፣ ያን ሌሊት ፓርኪንግ ውስጥ ቁጭ ብዬ ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣሁ። ቨርጂኒያ ከገቢያችን የምትወስደው ከፍተኛው መጣኔ 5.75 በመቶ ነው፤ ቴክሳስ ዜሮ። ኪራዩን አነጻጸርኩ፣ ለመኪና በየዓመቱ የምንከፍለውን የቨርጂኒያ የንብረት ታክስ ደመርኩ። ሲነጋ ወረቀቱ በቁጥር ሞልቷል። አንድም የሰው ስም ግን አልነበረበትም።

ቀብዱን ከፍዬ ነበር

ጥፋቴን ልናገር። ለባለቤቴ ያማከርኳት የቤት ቀብድ ጋርላንድ ለሚባለው ከተማ ከላክሁ በኋላ ነው። ወረቀቱን ዘርግቼ አሳየኋት። እሷ ቁጥሩን አላየችም።

«እማዬስ?» አለችኝ። «ልጅቷስ? አሥራ ሁለተኛ ክፍል ልትገባ አይደል እንዴ?»

«ይለምዱታል!» አልኳት። እንዲህ ነው ያልኩት። አንዲት ቃል።

ልጄ ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ አብረዋት የተማሩ ጓደኞች አሏት። ሰምታ ወደ ክፍሏ ገባች። ማታ ወደ ሥራ ስወጣ በሩ ላይ ጠበቀችኝና፣ «አባዬ፣ አንድ ዓመት ብቻ ጠብቀኝ። ከዚያ የትም ውሰደኝ» አለችኝ። እኔም መልስ አላጣሁም። ቴክሳስ ውስጥ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የነዋሪ ክፍያ ለመክፈል ወላጅ ቢያንስ አሥራ ሁለት ወር እዚያ ኖሮ መገኘት አለበት። «አሁን ካልሄድን ኮሌጅ ስትገቢ የውጪ ሰው ዋጋ ያስከፍሉናል። ላንቺ ብዬ ነው» አልኳት። ደንቡ እውነት ነው። ላንቺ ብዬ ነው ያልኩት ግን ውሸት ነበር። ያን ደንብ ያወቅኩት ቀብዱን ከከፈልኩ በኋላ ነው።

አማቴን ደግሞ ጭራሽ አልጠየቅኋቸውም። እሳቸው ጎጃም ተወልደው፣ አዲስ አበባ ልጆች አሳድገው፣ በእርጅናቸው እኛ ዘንድ የመጡ ሰው ናቸው። እንግሊዝኛ አይናገሩም። ግን አሌክሳንድሪያ ውስጥ ዓለማቸውን ሠርተዋል፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን፣ ማክሰኞ ማክሰኞ እኩዮቻቸው ቤት ቡና፣ አንዷ ስትታመም ሌላዋ ገንፎ ይዛ መሄድ። «እማማ፣ ልንሄድ ነው» ብለን ነገርናቸው። «እግዚአብሔር ይሁነን» አሉ። እኔም እሺታ መሰለኝ!

መንገዱ

የመሄጃችን ቀን ወዳጆቻችን መጥተው ፍሪጁን፣ አልጋውን፣ ሶፋውን በተከራየሁት ትልቅ መኪና ላይ ጫኑልኝ። የአማቴ ጓደኞች በርበሬና ሽሮ በፌስታል አስረው አመጡላቸው። አንዳቸው አንገታቸውን አቅፈው ብዙ ቆዩ። እኔ ሰዓቴን አይ ነበር።

መንገዱ ከ1,300 ማይል አያንስም። ቨርጂኒያን በርዝመቷ ወርዳችሁ ቴኔሲ ትገባላችሁ፤ ኖክስቪል፣ ናሽቪል፣ ሜምፊስ። እኔ ጭነቱን፣ ባለቤቴ ከኋላዬ የቤት መኪናችንን ይዘን ሁለት ሌሊት መንገድ ላይ አደርን። ሜምፊስ ላይ ሚሲሲፒን ስንሻገር አማቴ ከባለቤቴ ጎን ሆነው፣ «ዓባይን ተሻግሬ የሄድኩ ጊዜ እንኳ እንዲህ የራቅኩ አልመሰለኝም» ብለው እንደነበር ኋላ ነው የሰማሁት። ከዚያ አርካንሳን አቋርጠን ዳላስ ደረስን። የአንድ ሰዓት የጊዜ ልዩነትም አለ። ሰዓታችንን ወደ ኋላ መለስን።

ወረቀቱ ያልነገረኝ

ከደረስን በኋላ ያለው ሩጫ ሌላ ነው። የመኪናውን ታርጋ በሠላሳ ቀን፣ መንጃ ፈቃዱን በዘጠና ቀን ውስጥ መቀየር አለባችሁ። የቨርጂኒያ ታርጋ ሳይመለስ የቨርጂኒያ ኢንሹራንስ ቢቋረጥ ቅጣት አለው። ለዚያ ዓመት ደግሞ የቨርጂኒያ ታክስ «ግማሽ ዓመት ነዋሪ ነበርኩ» ተብሎ ይሞላል። ይኼ ሁሉ ያልፋል።

የባለቤቴ ሥራ ግን ወዲያው አልተገኘም። የነርስ ረዳትነት ምዝገባ በየስቴቱ የተለያየ ነው። የቨርጂኒያው ስሟ ወደ ቴክሳስ መዝገብ እስኪዛወር ሰባት ሳምንት ያለ ደመወዝ ተቀመጠች። ማመልከቻውን ሳንነሳ በፊት ብንጀምረው ኖሮ! ገንዘብ ሲያጥር ጭቅጭቅ መጣ። ማታ ማታ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን የምንጣላ ይመስለን ነበር። የአሜሪካ ግድግዳ ግን ስስ ነው።

ከሁሉ የከፋው የአማቴ ሕክምና ሆነ። ሜዲኬይድ የሚባለው የመንግሥት የሕክምና ሽፋን ገንዘቡ ከፌዴራልም ቢመጣ የሚያስተዳድረው እያንዳንዱ ስቴት በራሱ ነው። የቨርጂኒያው ካርድ ቴክሳስ ላይ ለተራ ሕክምና አይሠራም፤ እንደ አዲስ መመዝገብ ነው። እኔ ይህን ያወቅኩት ከደረስን በኋላ ነው። «ወረቀቱ እስኪያልቅ የያዙት መድኃኒት ይበቃቸዋል» አልኩ። ስንት ፍሬ እንደቀራቸው ግን ቆጥሬ አላውቅም።

አንድ ማለዳ፣ ወሩ ሴፕቴምበር ነበር፣ ከሥራ ስገባ አማቴ ወጥ ቤት ወለል ላይ ወድቀው አገኘኋቸው። ጀበናው ተሰብሮ ቡናው ፈሷል። ዐይናቸው ክፍት ነው፤ ቃላቸው ግን ይጎተታል። ልጄ ሮጣ መጥታ አምቡላንስ ጠራች። ድንገተኛ ክፍል ካርድ የለዎትም ብሎ አይመልስም፤ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ይህ ሕግ ነው። ደማቸው እጅግ ከፍ ብሎ ነበር። ሐኪሙ፣ «መድኃኒታቸውን ይወስዳሉ?» ሲል ልጄ በአማርኛ ጠየቀቻቸው።

አማቴ ዝም አሉ። ቆይተው፣ «ግማሽ ግማሹን ነው የምውጠው» አሉ። «እንዳያልቅ ብዬ። እናትና አባትሽ በኔ ምክንያት እንዳይጣሉ ብዬ።»

ልጄ ይህን ለሐኪሙ አስተረጎመች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ለሁለት ወር ያህል ከ«እሺ» በቀር ቃል ያልተናገረችኝ ልጅ፣ «አባዬ፣ እማማን መምጣት ይፈልጉ እንደሆነ ጠይቀሃቸው ታውቃለህ?» አለችኝ።

አልመለስኩላትም። ምን ልበላት?

ጉልበት ስሜ

እግዚአብሔር ይመስገን፣ አማቴ በአራተኛው ቀን ወደ ቤት ተመለሱ። እኔም ሁሉንም ሰብስቤ፣ ልጆቼ እያዩ፣ ጉልበታቸው ላይ ወድቄ «እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው። ትከሻዬን ይዘው አነሱኝና ያሉኝን መቼም አልረሳውም።

«ልጄ፣ ብትጠይቀኝ እሺ ብዬ እመጣ ነበር። ሳትጠይቀኝ ስታመጣኝ ግን ከሶፋው ጋር የተጫንኩ ዕቃ ሆንኩ።»

ይኸው ነው በስልክ የማልናገረው።

ከዚያ በኋላ ምን ሆነ? ተአምር አልሆነም። የአማቴ ሽፋን ተስተካከለ። ባለቤቴ ሥራ ጀመረች። ጋርላንድና ሪቻርድሰን አካባቢ ሐበሻው ብዙ ስለሆነ ቤተ ክርስቲያን አገኘን፣ ዕድር ገባን። አማቴን በየማክሰኞው ቡና ለሚያፈሉ እናት አስተዋወቅኋቸው፤ የማደርሳቸውም እኔ ነኝ። እንቅልፌን ትቼ ነው የማደርሳቸው። ልጄ በ2023 ጨረሰች፣ ዩኒቨርሲቲም በነዋሪ ክፍያ ገባች። የምረቃዋን ፎቶ ሳይ ግን ከጎኗ የቆሙትን ልጆች አላውቃቸውም፤ እሷም ገና እያወቀቻቸው ነበር። ያን ዓመት ልመልስላት አልችልም። በየበጋው አሌክሳንድሪያ ሄዳ የድሮ ጓደኞቿን እንድታይ ቲኬቷን እቆርጣለሁ። አመሰግናለሁ ትላለች እንጂ ረስቼዋለሁ ብላኝ አታውቅም።

ቤትም ገዛን። አብሮ አደጌ ያልነገረኝ ነገር ቢኖር ቴክሳስ ከገቢ የተወችውን በቤት ታክስ እንደምትለቅም ነው። በሁለተኛው ዓመት የቤቱ ግምት ሲጨምር የወር ክፍያችን አብሮ ጨመረ። ለሚኖሩበት ቤት ከትምህርት ቤቶች ታክስ ነጻ የሚደረግ መጠን አለ፤ በ2023 ወደ 100 ሺህ ዶላር፣ በ2025 ደግሞ ወደ 140 ሺህ ዶላር ከፍ ተደርጓል። እሱንም ቢሆን አመልክታችሁ ነው የምታገኙት።

እንግዲህ መሄድ ለምታስቡ

እኔ አትሂዱ አልልም። ተመልሼ እንድወስን ብታደርጉኝ አሁንም እሄድ ነበር፤ አካሄዴን ነበር የምለውጠው። እኔ አንድ ዓመት ቀድሜ ብገባ፣ ቤተሰቡ ልጅቷ ስትጨርስ ቢከተለኝ ይቻል ነበር። አባዬ ጠብቀኝ ያለችኝም ይህንኑ ነበር።

ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው። የሙያ ፈቃድ ያለው ሰው ቤታችሁ ካለ ማዛወሪያውን ሳትነሱ ጀምሩ። በመድኃኒት የሚኖር ሰው ካለ ሐኪሙን ለምናችሁ የሦስት ወር አስጽፉ፣ ፍሬውንም ራሳችሁ ቁጠሩ። አዲሱ ስቴት ሽፋን እስኪሰጥ እንደ ገቢ መጠን የሚያስከፍሉ የማኅበረሰብ ክሊኒኮች አሉ፤ የት እንዳሉ ቀድማችሁ ጠይቁ። ከሁሉ በፊት ግን ቀብድ ሳትከፍሉ ቤተሰቡን ሰብስቡና አንድ በአንድ ጠይቁ። ብዙ የሚያጣው ማን እንደሆነ አስቡና እሱን መጀመሪያ ጠይቁ። ምናልባት የቤቱ ዝምተኛ እሱ ሊሆን ይችላል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ?

ባለፈው ሳምንት አንድ ወዳጄ ከሲልቨር ስፕሪንግ ደወለልኝ። «ባለ አራት መኝታ ስንት ይገኛል?» አለኝ። ዋጋውን ከመንገሬ በፊት፣ «እናትህ ምን አሉ?» አልኩት።

ስልኩ ላይ ዝም አለ። ከዚያ፣ «ቆይ፣ መልሼ ልደውልልህ» ብሎ ዘጋው። እስካሁን አልደወለም። እየጠየቃቸው ነው ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።