በተሳቢ ቤት ከደሴ እስከ መካነ ሰላም

ስለ ሩቅ መንገድ ሲነሣ ብዙ ሰው የሚጠይቀው «ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» ብሎ ነው። ሾፌር የሆነ ሰው ግን «ስንት ሊትር ነው?» ይላል። ከደሴ እስከ መካነ ሰላም 180 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። በሊትር ሲቆጠር ግን እንደ መኪናው፣ እንደ ጭነቱ፣ ከሁሉም ይልቅ እንደ ሾፌሩ እግር ይለያያል። እኔ ይህን ነገር ያወቅሁት በ2011 ዓ.ም. በጥር ወር፣ ደሴ ላይ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ ከአጎቴ ጋር በአንድ ፒካፕ ተሳቢ ቤት እየጎተትን ወደ ቦረና በሄድንበት ጊዜ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መካነ ሰላም የምትኖረው አክስቴ ሻይና ዳቦ የምትሸጥበትን የኪራይ ክፍል ባለቤቱ ለራሱ ስለ ፈለገው ለቀቀች። አጎቴም በሙያው ሾፌር ነውና፣ የመንገድ ሠራተኞች ያድሩበት የነበረ አንድ አሮጌ ተሳቢ ቤት በርካሽ መሸጡን ሰምቶ፣ ያለውን ገንዘብ አራግፎ ገዛላት። ቤቱ አራት ማዕዘን ሣጥን የመሰለ፣ ሁለት መስኮትና አንድ በር ያለው፣ ክብደቱ 15 ኩንታል ገደማ የሚሆን ነበር። የቀረን ገንዘብ 35 ሊትር ናፍጣ የሚገዛ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ከጠየቀን በመንገድ ዳር በጀሪካን ከሚሸጡት በውድ ዋጋ ልንገዛ ነው፤ ገንዘቡም የሚወጣው አክስቴ ዱቄትና ስኳር እንድትገዛበት ካስቀመጥንላት መነሻ ላይ ነው። ስለዚህ እያንዳንዷ ሊትር ለእኛ ዳቦ ነበረች።

አጎቴ ያለ ተሳቢ ሲሄድ ይህን መንገድ በ20 ሊትር ያህል ይጨርሰው ነበር። «ተሳቢው ስንት እንደሚጨምር አላውቅምና አንተ ተማሪ ስለ ሆንህ መዝግብ» ብሎ ደብተር አስያዘኝ። ከመነሣታችንም በፊት የተሳቢውን ጎማዎች ነፋስ አስሞላ፤ ብዙ ጊዜ ቆሞ ስለ ኖረ ጎማው ለስልሶ ነበር፤ የላላ ጎማም መሬት እየላሰ ስለሚሄድ ነዳጅ ይበላል። የእግሩን ኩሽኔታ ፈትቶ ግሪስ ቀባው። በውስጡ የነበረውን ዕቃም ከባድ ከባዱን ከጎማው ትንሽ ወደ ፊት አስጠጋው። ከተሳቢው ክብደት ከመቶ 10 ያህሉ በመጎተቻው ላይ ካላረፈ ተሳቢው እንደ ዓሣ ጅራት ይወዛወዛል። የፒካፑ የነዳጅ መብራት «አልቋል» ብሎ በበራበት ሰዓት 20 ሊትር ቀዳንበት፤ የቀረውን 15 ሊትር በጀሪካን ያዝን። እንግዲህ መብራቱ እንደ ገና የበራ እንደ ሆነ 20 ሊትር ጨረስን ማለት ነው። ይህ የአጎቴ ሚዛን ነው፤ ከብዙ መሣሪያ ይሻላል።

ከደሴ ወጥቶ ወደ ጉጉፍቱ የሚያመራው መንገድ ከ3,000 ሜትር በላይ ወደሆነ ደጋ ይወጣል። ደሴ ራሷ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለ ሆነች፣ እኛ የጀመርነው ከደጋ ተነሥተን ወደሚበልጥ ደጋ ነው። በዚያ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር ይልቅ ሩብ ያህል ሳስቶ ይገኛል። አየር ሲሳሳ፣ እንደ እኛ መኪና ያለ፣ አየር የሚያምቅ ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚያው ልክ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ናፍጣው ተሟልቶ ስለማይነድም ጥቁር ጭስ ያወጣል። አጎቴ በሁለተኛ ማርሽ እያስገመገመ ሲወጣ ከኋላችን ያለውን ጭስ በመስታወት እያየ፣ «ያ ጥቁሩ ነገር ምን ይመስልሃል? ገንዘባችን ነው» ይለኝ ነበር። ጭሱ ሲበዛም እግሩን ከነዳጁ ላይ ትንሽ ያነሣል። በዳገት ላይ እስከ ወለሉ መርገጥ መኪናውን ከማፍጠን ይልቅ ጭሱን ያበዛዋልና።

ኋላ የፊዚክስ መምህር ከሆንሁ ወዲህ ይህን ዳገት ለተማሪዎቼ በጥቁር ሰሌዳ ላይ አሰላዋለሁ። አንድ ሊትር ናፍጣ 36 ሚሊዮን ጁል ያህል ኀይል ይዟል፤ ሞተሩ ግን ወደ ሥራ የሚለውጠው ሲሶውን ያህል ብቻ ነው፤ የቀረው በጭስና በራዲያተር ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። 10 ኩንታል ክብደት 1,000 ሜትር ሽቅብ ለማውጣት፣ ሌላው ነገር ሁሉ ተትቶ፣ ለክብደቱ ብቻ ከአንድ ሊትር ጥቂት የሚያንስ ናፍጣ ይጠይቃል። ፒካፑ ከነሰዎቹ 20 ኩንታል፣ ተሳቢው 15 ኩንታል ቢሆን፣ በ1,000 ሜትር ዳገት ሦስት ሊትር ያህል ይሄዳል ማለት ነው። ይህን ሒሳብ ጎበዝ ሾፌርም ሰነፍ ሾፌርም እኩል ይከፍለዋል። ዳገት ግብር ሰብሳቢ ነው፤ በክብደትህ ልክ ያስከፍልሃል እንጂ አያዳላም።

ጉጉፍቱ ስንደርስ ሞተሩ እንዲበርድ ቆምን። ብርዱ የሚናገሩትን አፍ ያደርቃል። በዚያ ደጋ ገብስና በግ የሰው ሀብት ነው፤ እረኞቹ በብርድ ልብስ ተሸፋፍነው ዐይናቸው ብቻ ይታያል። አጎቴ ተሳቢውን ሲዞር ሲመረምር ከሥሩ ውኃ ጠብ ሲል አየ። «ይህ ምንድን ነው?» አለኝ። እኔም በተሳቢው ውስጥ ያለውን 200 ሊትር የሚይዝ የውኃ በርሜል ማታ ለአክስቴ ይጠቅማታል ብዬ ሞልቼው እንደ ነበር ተናዘዝሁ። አጎቴ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ቀጥሎም፣ «አንተ ልጅ፤ ሁለት ኩንታል ውኃ ነው ይህን ሁሉ ዳገት ያስጎተትኸኝ? መካነ ሰላም ውኃ የለም ብሎ ማን ነገረህ?» አለና በርሜሉን ሊከፍተው ሄደ።

በዚህ ጊዜ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በጀርባቸው ያዘሉ አንዲት እናት ከታች ካለው ምንጭ ዳገቱን ሲወጡ ደረሱ። አጎቴም፣ «እናቴ፣ ይህን ውኃ ከምናፈስሰው ለእርስዎ ይሁን፤ ሌሎች ዕቃ ያላቸውንም ይጥሩልን» አላቸው። ወዲያው ከየደጁ ጀሪካንና እንስራ መጣ። በርሜሉ ባዶ ሲሆን እኚያ እናት፣ «ያላለፋንበት ውኃ እስከ ደጃችን ወጣልን! አብሽሩ፣ አላህ በሰላም ያግባችሁ» ብለው መረቁን። እኔ ግን ሐፍረቴ ወደ ሌላ ሐሳብ ተለወጠ። እኛ በሞተር አውጥተን «ከበደን» ያልነውን ውኃ፣ እነዚህ እናቶች በየቀኑ በወገባቸው ያወጡታል። የእነርሱን ሊትር ማን ቆጥሮት ያውቃል?

ከጉጉፍቱ በኋላ መንገዱ በደጋው ጀርባ ላይ ለጥ ይላል። በየሜዳው ጓሳ ሣር፣ በየቦታውም ጅብራ እንደ ዘበኛ ቀጥ ብሎ ይታያል። አጎቴ በውኃው ነገር የባከነውን ጊዜ ለማካካስ፣ ከመምሸቱም በፊት ለመድረስ፣ ሜዳው ላይ ፍጥነቱን ወደ 70 ኪሎ ሜትር ከፍ አደረገው። ተሳቢው እየተፏጨበት ይከተለን ነበር። ልክ አቀስታ ስንቃረብ ያቺ ቀይ መብራት በራች። 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሄደን 20 ሊትር ጨርሰናል። የቀረን 80 ኪሎ ሜትር መንገድና 15 ሊትር ናፍጣ ነው። በዚሁ አካሄድ ብንቀጥል 16 ሊትር ያስፈልገናል። አጎቴ መኪናውን ዳር አስይዞ፣ መሪው ላይ ክንዱን አሳርፎ አሰበ። «ውኃውን ደፋን፤ ታዲያ ሌባው ማን ነው?» አለ።

ሌባው ነፋስ ነበር። ፒካፑ ብቻውን ሲሄድ ነፋሱን ሰንጥቆ ያልፋል፤ ያ ሣጥን የመሰለ ቤት ግን ከመኪናው በላይና ወደ ጎን ወጥቶ ነፋሱን በደረቱ ይገፋል። የነፋስ ግፊት ደግሞ በፍጥነት ልክ ሳይሆን በፍጥነት እጥፍ እጥፍ ያድጋል፤ ከ50 ወደ 70 ኪሎ ሜትር ሲወጡ ግፊቱ ሁለት እጥፍ ያህል ይሆናል። ኋላ ቁጭ ብዬ ሳሰላው፣ ያ የተነዘነዝንበት 200 ሊትር ውኃ እስከ መካነ ሰላም ቢሄድ ኖሮ የሚበላው አንድ ሊትር እንኳ አይሞላም ነበር። በሜዳው ላይ የነበረን ጥድፊያ ግን ከዚያ የበለጠ በላን። ዐይን የሚያየው ክብደትን ነው፤ ነፋስ አይታይምና አይጠረጠርም።

ይህን ነገር በደንብ ያወቀ አንድ አሜሪካዊ ነበረ፤ ስሙም ዋሊ ባያም ይባላል። ኤርስትሪም የሚባሉትን ተሳቢ ቤቶች የሚሠራው ፋብሪካ መሥራች ሲሆን፣ ቤቶቹን ከአሉሚኒየም፣ እንደ አውሮፕላን ገላ ጠርዛቸውን አድቦልቡሎ ያሠራቸው ነበር፤ ክብደታቸው እንዲቀልና ነፋሱ ተንሸራትቶባቸው እንዲያልፍ ነው። ይኸው ሰው በ1951 ዓ.ም. 41 ተሳቢ ቤቶችን አስከትሎ ከኬፕታውን ተነሣና አፍሪካን ከደቡብ እስከ ሰሜን አቋርጦ በ1952 ዓ.ም. ካይሮ ገባ። ከሚጎትቷቸው መኪኖች ብዙዎቹ ፒካፕ ነበሩ። በኢትዮጵያ ሲያልፉ መንገዱ ክፉኛ ቢፈትናቸውም አዲስ አበባ ደርሰው በንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ፊት ቀርበዋል። እንግዲህ በፒካፕ ቤት መጎተት በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። አክስቴ ዘንድ የምንወስደው ቤት ግን ጠርዙ አልተድቦለቦለም፤ ያለን መፍትሔ ቀስ ማለት ብቻ ነበር።

አጎቴም እንዲሁ አደረገ። 15ቱን ሊትር ከጀሪካኑ ገልብጦ፣ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ላይነዳ ለራሱ ቃል ገባ። ቁልቁለት ሲደርስ ማርሹን ነጻ አድርጎ የሚወርድ መስሎኝ፣ «ጋሼ፣ ሞተሩን ብታሳርፈው ነዳጅ አይቆጥብም?» አልሁት። ሳቀብኝ። «በማርሽ ስወርድ ጎማው ነው ሞተሩን የሚያዞረው፤ ያን ጊዜ ናፍጣ አይገባም። ማርሹን ነጻ ባደርገው ሞተሩ ቆሞ እንዳይቀር ናፍጣ ይጠጣል፤ ፍሬኑም ይቃጠላል። ይህ ተሳቢ የራሱ ፍሬን የለውም፤ ገፍቶ ገደል ይጨምረናል» አለኝ። እውነት ነው፤ በዳገት ላይ የተከፈለው ናፍጣ በቁልቁለት የሚመለሰው ፍሬን ሳይረገጥ ለተጠቀመበት ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ አጎቴ ኩርባውን ከሩቅ አይቶ አስቀድሞ ማርሽ ይቀንሳል እንጂ ደርሶ ፍሬን አይዝም።

ቀስ ብለን ስንሄድ አገሩን አየነው። ከመንገዳችን ወዲያ ያለው የቦረና ሳይንት ደጋ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚገኙበት፣ ዛሬ ብሔራዊ ፓርክ የሆነ ስፍራ ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሸለቆው ሁሉ ሰማያዊ መሰለ፤ በስተምዕራብ ዓባይ ምድሪቱን ሰንጥቆ የወረደበት በረሃ፣ ከማዶም የጎጃም ተራራ ይታይ ነበር። በ70 ኪሎ ሜትር ብናልፈው ኖሮ ከዚህ ሁሉ ያየነው አቧራ ብቻ በሆነ።

ሊመሽ ሲል መካነ ሰላም ገባን። አክስቴ ቤቷ በመኪና ተጎትቶ ሲመጣ ባየች ጊዜ እልል አለች፤ ጎረቤቱም ተሰበሰበ። መብራቷ አልበራችም! ማግስቱን አጎቴ ተሳቢውን ፈትቶ በከተማው ዙሪያ ጉዳዩን ሲፈጽም 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ነው መብራቷ የበራችው፤ እንግዲህ ሦስት ሊትር ያህል ተርፎን ነበር። ከአቀስታ ወዲህ ያለው መንገድ ዝቅ እያለ መሄዱም እንደ ረዳን አልክድም፤ ነገር ግን ያ ቁልቁለት ሊቆጥብልን የሚችለው አንድ ሊትር ያህል ነው። የቀረውን የቆጠበው የአጎቴ እግር ነው። በጊዜ ያጣነው ደግሞ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። የአክስቴም የስኳርና የዱቄት ገንዘብ ሳይነካ እጇ ገባ።

አክስቴ ያን ቀን ማታ በተሳቢው ደጃፍ ቡና አፍልታ አቦሉን ለአጎቴ ስትሰጠው፣ ደብተሬን ተቀብሎ አየና እንዲህ አለ፦ «ዳገቱ ግብሩን ወሰደ፤ እርሱ የመንግሥት ነው፤ አይቀርም። ጥድፊያ ግን ጉቦ ነው፤ ካልሰጠኸው አይወስድም።»

ዛሬ በመንገዳችን ላይ ነዳጅ እንደ ልብ በማይገኝበት ጊዜ፣ ዋጋውም ከፍ ባለበት ጊዜ፣ ይህ ቃል ትዝ ይለኛል። ተማሪዎቼም ያን ደብተር እየተቀባበሉ ሒሳቡን ሲሠሩ፣ ከመካከላቸው አንዷ ልጅ አንድ ቀን እጇን አውጥታ፣ «መምህር፣ እኚያ ጀሪካን ያዘሉት እናት በዳገቱ ስንት ሊትር አቃጠሉ?» ብላ ጠየቀችኝ። በእንጀራ ቁጠሪው ብያት፣ የዚያን ዕለት የቤት ሥራቸው እርሱ ሆነ።