በኋላ ጎማ ስለ መቆም

በአገው ምድር ፈረስ ሳያይ ያደገ ልጅ አይገኝም። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የሚከበረውን የፈረሰኞች በዓል የተመለከተ፥ ሶምሶማውንና ግልቢያውን ጉግሱንም ያየ ሰው፥ ይህ ሕዝብ ለፈረስ ያለውን ፍቅር በቃል ሊነገረው አያሻም። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ልማዱ በሥርዓት ተይዞ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ኖሮአል። ስለዚህ በጥሊሊ በቤታችን ያደገው የ14 ዓመት ልጃችን ፈረሱን ትቶ በቢስክሌት ላይ፥ ያውም ከሁለቱ ጎማ በኋለኛው ብቻ፥ ለመቆም በተነሣ ጊዜ ቤተ ዘመዱ ሁሉ ቢደነግጥ የሚያስገርም አይደለም።

ነገሩ እንግዳ ለሆነባቸው አንባቢዎቻችን ጥቂት እንግለጽ። ጨዋታው ፍላትላንድ ይባላል፤ ትርጓሜውም ደልዳላ ሜዳ ማለት ነው። በዚህ የሚመሰገነው ፈጥኖ የቀደመ ሳይሆን፥ በጠባብ ስፍራ እግሩን መሬት ሳያስነካ በአንድ ጎማ የሚዞር፥ የሚሽከረከርና ከአንዱ አቋቋም ወደ ሌላው የሚሸጋገር ነው። ቢስክሌቱም ቢኤምኤክስ የሚሉት አጭር ዓይነት ሲሆን ጎማው 20 ኢንች ነው፤ የሚቀያየር ማርሽም የለውም። በ1960ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ በአሜሪካ በካሊፎርንያ ግዛት ልጆች የሞተር ቢስክሌት ተሽቀዳዳሚዎችን እየመሰሉ በአፈር መንገድ ሲወዳደሩበት ተጀመረ፤ በ1970 ዓ.ም. ግድም ደግሞ ቦብ ሃሮን የመሰሉ ወጣቶች ከእሽቅድምድሙ ለይተው የብልኃት ጨዋታ አደረጉት። ልጃችን ይህን ሁሉ የተማረው በስልክ ከሚታይ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ነው፤ መምህር የሚሆነው ሰው በከተማችን አላገኘም።

ቢስክሌቱ የተገዛለት ብዙ ሰው በቢስክሌት ከሚሄድበት ከባሕር ዳር ነው፤ አሮጌና ተራ ቢስክሌት ነበረ። ለዚህ ጨዋታ ግን ከጎማው ዘንግ ጫፍ ግራና ቀኝ ወጥቶ እግር የሚያርፍበት ብረት ያስፈልጋል። ልጁም ብረት ሠሪ ዘንድ ሄዶ የቧንቧ ቁራጭ አስቆርጦ ከኋላው ዘንግ ላይ አስገጠመ። በሦስተኛው ቀን ዘንጉ ጎበጠ። ምክንያቱ ግልጥ ነው፤ የተራው ቢስክሌት የኋላ ዘንግ ውፍረቱ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን፥ ለዚህ ጨዋታ የተሠራው 14 ሚሊ ሜትር ነው። የሰውን ሁለንተና በአንድ ጫፍ መሸከም የ4 ሚሊ ሜትር ጉዳይ መሆኑን ከዚያ ቀን በፊት አናውቅም ነበር። የተገባውን ጎማ ከአዲስ አበባ እስክናስመጣለት ድረስ ያለ ማሳረፊያው ብረት መለማመድ ግድ ሆነበት፤ ይህም ጠቀመው እንጂ አልጎዳውም።

ምክንያቱም የትምህርቱ መጀመሪያ በብረቱ ላይ መቆም አይደለም፤ መውረድ ነው። የፊተኛው ጎማ ከመሬት ሲነሣ ቢስክሌቱ ሚዛኑን የሚያገኝበት አንድ ስፍራ አለ። ከዚያ ወዲህ ቢቀር ጎማው ተመልሶ ይወርዳል፤ ከዚያ ወዲያ ቢያልፍ ነጂው በጀርባው ይወድቃል። የኋላውን ፍሬን በአንድ ጣት ሲነኩት ፊቱ ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ ያች ጣት ከፍሬኑ መለየት የለባትም። መሪውን በክንድ ኃይል መጎተትም አይገባም፤ ክንድ ተዘርግቶ ወገብ ወደ ኋላ ይሸሻል፥ ክብደቱም ፊቱን ያነሣዋል። ያልፈራ ይወድቃል፤ አብዝቶ የፈራ ደግሞ ከሚዛኑ ስፍራ አይደርስም። ልጃችን በመጀመሪያው ሳምንት የተለማመደው፥ ሊወድቅ ሲል መሪውን እንደ ያዘ ሁለት እግሩን ወደ ኋላ አውርዶ መቆምን ብቻ ነበር። ከግቢያችን ሲሚንቶ ላይ በየማታው ሃምሳ ጊዜ ሲወርድ ቆጥረነዋል።

አጎታችን በዕድሜያቸው ሙሉ ፈረስ የጋለቡ ሰው ናቸው። አንድ ቀን ከቀርከሃ ወንበራቸው ላይ ሆነው ሲመለከቱት ቆይተው፥

«የፈረስህ ስም ማነው?» አሉት።

ስም እንዳላወጣለት ቢነግራቸው ተከዙ። አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፥ አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው የተባሉት በፈረሳቸው ስም ነውና፥ ስም የሌለው መቀመጫ ለእርሳቸው የተጓደለ ነገር ነው።

«ልብ አድርግ» አሉት ቀጥለው፤ «ፈረስ በኋላ እግሩ የቆመብህ እንደ ሆነ ልጓም አትሳብ፤ የሳብህ እንደ ሆነ በላይህ ይገለበጣል። አንገቱን እቀፍ፥ ልጓሙን አላላ፥ ራሱ ይወርዳል።»

«አባባ፥ የኔው ደግሞ ልጓሙ ሲሳብ ነው የሚወርደው» አለ ልጁ፥ የፍሬኑን እጀታ እያሳየ።

አጎታችን ቀርበው እጀታውን ራሳቸው ጨበጥ ለቀቅ እያደረጉ ብዙ ጊዜ መረመሩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምሽቱን ልምምድ ሳያዩ ወደ ቤት አልገቡም።

አዲሱ ጎማ መጥቶ በብረቱ ላይ መቆም በጀመረ በሁለተኛው ወር ግን ልጁ ወደ ጎን ወድቆ የግራ እጁን አንጓ ሰበረ። እናታችን ወጌሻ ይጠራ አሉ፤ እኛ ወደ ሐኪም ወሰድነው፥ እጁም በጀሶ ታስሮ 6 ሳምንት ተቀመጠ። የ8ኛ ክፍል ፈተናው ቀርቦ ነበርና በቤታችን ትልቅ ክርክር ሆነ። እናታችን ቢስክሌቱ ይሸጥ፥ በሕይወቴ እያለሁ ይህን ልጅ ተሸክመው ሲያመጡልኝ አላይም አሉ። የልጁም እናት፥ ከዚህ ጨዋታ እንጀራ የበላ ኢትዮጵያዊ ማነው? ስትል ጠየቀች።

ጥያቄዋ ተገቢ ነው። በቢስክሌት የተከበሩ ኢትዮጵያውያን አሉ፤ ገረመው ደንቦባ በ1949 ዓ.ም. በሜልበርን ኦሎምፒክ ተወዳድሮአል፥ ፅጋቡ ግርማይም በ2008 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ የመጀመሪያው ሆኖ ወደ ቱር ደ ፍራንስ ገብቶአል። እነዚህ ግን የጎዳና ተሽቀዳዳሚዎች ናቸው። የቢኤምኤክስ እሽቅድምድም በ2000 ዓ.ም. በቤጂንግ፥ የዝላዩ ጨዋታ ደግሞ በ2013 ዓ.ም. በቶኪዮ ወደ ኦሎምፒክ ሲገባ፥ ልጃችን የሚወደው የሜዳው ጨዋታ ከነዚህ አልተቈጠረም። ስለዚህ እንጀራ ይሆነዋል ብለን አልተከራከርንም። ያልነው ይህን ነው፤ ይህ ልጅ ከዚህ በፊት ለአንዲት ነገር እንኳ ሁለት ሳምንት አልጸናም ነበር፤ አሁን አንዱን ነገር ሃምሳ ጊዜ ስቶ ሃምሳ አንደኛውን ያለ ቍጣ ይጀምራል። የአጥንት ስብራት በ6 ሳምንት ይጠገናል፤ ይህን የመሰለ ትዕግሥት ግን ቢስክሌቱን ሸጠን በምን ገንዘብ እንደምንገዛለት አናውቅም።

ውሳኔው ይህ ሆነ። ፈተናው እስኪያልፍ ድረስ ቢስክሌቱ በእናታችን ጓዳ ይቆለፋል፤ ቁልፉም በእርሳቸው እጅ ይሆናል። ከዚያም በኋላ ያለ ራስ ቁር አይነካም፥ ሲሚንቶው በዝናብ እርጥብ ሲሆን አይወጣም፥ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚያልፉ ከባድ መኪናዎች በማይጠፉበት በአስፋልቱ ላይ ከቶ አይታይም። የደጋ ክረምት ረጅም ነውና ይህ ሁለተኛው ቃል ከሁሉ ይልቅ ከበደው። በዝናቡ ወራት እናታችን ጓዳውን ከፍተውለት፥ ቆሞ ባለው ቢስክሌት ላይ ሚዛን ብቻ ሲለማመድ ተመለከትን። ማን እንዳዘዛቸው አልጠየቅንም።

አሁን በሁለት እግሩ በኋላው ብረት ላይ ቆሞ፥ የፊቱን ጎማ እስከ ደረቱ አንሥቶ፥ ግቢውን አንድ ጊዜ ሙሉ ይዞራል። ጎማው ሊቆም ሲል በአንድ እግሩ ጫማ ጎማውን እየገፋ ማስኬድን ግን ገና አልቻለበትም፤ እዚያ ላይ ከአሥር ዘጠኙን ይስታል።

በዚህ መካከል የ11 ዓመት ታናሽ እኅቱ ለእኔስ መቼ ነው ስትል ጠይቃለች። መልስ አልሰጠናትም። የራስ ቁሩ አንድ ብቻ ነው፥ ለእርሷም ይሰፋታል። እናታችን ግን የአሮጌ ነጠላቸውን ጫፍ ቀደው በውስጡ እየሰፉበት ነው።