አልፎ የሄደው ልጅ

አንድ ቅዳሜ ማታ የአሥራ አምስት ዓመቱ ልጃችን «አባዬ፣ ዛሬ አብረን ፊልም እንይ» አለኝ። እውነቱን ለመናገር ሰው የሚበርባቸውንና ሕንፃ የሚፈርስባቸውን ፊልሞች ብዙም አልወድም። ሆኖም አብሬው ቁጭ ካልኩ ሰንብቼ ስለ ነበር እሺ አልኩት። ባለቤቴም አጠገባችን ተቀመጠች።

ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2009 ዓ.ም. የወጣ፣ «ጥቁር መብረቅ» የተባለ የሩሲያ ፊልም ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው በሞስኮ ከተማ ነው። ዲማ የተባለ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዘመናዊ መኪና ይመኛል፤ አባቱ ግን አሮጌ ቮልጋ ይሰጡታል። ልጁ በአባቱ ስጦታ ያፍራል። መኪናዋ በሶቪየት ዘመን ሳይንቲስቶች በምስጢር የሠሩባትና መብረር የምትችል መሆኗን የሚያውቀው ቆይቶ ነው።

ታዲያ በዚህ ኃይል ምን አደረገ? ኩፕትሶቭ የተባለ ባለጸጋ፣ ሊሳካለት የሚፈልግ ሰው ስለ ራሱ ብቻ ማሰብ አለበት ብሎ ያስተምራል። ይህ ሰው አልማዝ ለማውጣት ሲል ሞስኮ ብትፈርስም ግድ የለውም። ዲማም ትምህርቱን አምኖ በምትበረው መኪና አበባ እያደረሰ ገንዘብ መሰብሰብ ጀመረ። ለሥራው ሲቸኩል እርዳታ ለሚሻ ሰው ሳይቆም ያለፈባት ምሽት ግን አባቱ የተገደሉባት ምሽት ሆነች።

በዚህ ጊዜ ልጄ ወደ እኔ ዞር ብሎ «አባዬ፣ አንተ ብትሆን ትቆም ነበር?» አለኝ። ባለቤቴ አየችኝና ዝም አለች። ለምን ዝም እንዳለች አውቄአለሁ።

በዚያው ሳምንት ረቡዕ ጎረቤታችን እማማ ታመው፣ «እባክህ ሐኪም ቤት አድርሰን» ብላኝ ነበር። እኔ ግን የቤተ ክርስቲያን ስብሰባ እንዳይረፍድብኝ «ታክሲ ያዙ» ብዬ ወጣሁ። እርሷ እማማን ደግፋ በዝናብ ታክሲ ስትጠብቅ ቆየች። ያን ዕለት ስብሰባውን በጸሎት የከፈትኩት እኔ ነበርኩ።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ጌታ በተናገረው ምሳሌ ቁስለኛውን አይተው ያለፉት ካህንና ሌዋዊ ነበሩ። ይህን ክፍል ብዙ ጊዜ አስተምሬበታለሁ። ያን ማታ ግን ራሴን አገኘሁበት።

ዲማ ከአባቱ ሞት በኋላ መኪናዋን ሰዎችን ለማዳን ያውላታል። ይህ ልብ ይነካል። ነገር ግን ሰው በመልካም ሥራው የበደሉን ዕዳ ከፍሎ አይጨርስም። ዕዳችንን የከፈለው ክርስቶስ ነው። ለወደቀው ሰው የምንቆመው ለመዳን ብለን ሳይሆን ስለዳንን ነው።

ለልጄ «አልቆምኩም» ብዬ እውነቱን ነገርኩት። ባለቤቴንም በፊቱ ይቅርታ ጠየቅኋት። እሑድ ከአምልኮ በኋላ ሦስታችን እማማ ቤት ሄድን። እኔን ሲያዩ ከአልጋቸው ቀና ብለው «ስብሰባው እንዴት ነበር ልጄ?» አሉኝ። መልስ አጣሁ።

የተወደዳችሁ ባልና ሚስት፣ ለቤታችን ስንሮጥ፣ ለጌታም ሥራ ስንሮጥ በመንገዳችን ላይ ማንን አልፈን እየሄድን ይሆን? ዛሬ ማታ እርስ በርሳችሁ ተጠያየቁ። መልሱንም ሳትቆጡ ስሙ። ጌታ ይርዳን።