የሐምሌ ጥብስ

ዛሬ ከሥራ ስወጣ ዝናቡ ዶፍ ነበር። ታክሲ ስጠብቅ አንድ ሥጋ ቤት በር ላይ «የክረምት የድራፍትና የጥብስ ፌስቲቫል» የሚል ባነር አየሁ።

ገባሁ።

ሸክላው ከነፍሙ መጣ። ሥጋው ገና ይንጫጫል፤ የጥብስ ቅጠሉ ጭሱን አውዶታል፤ የቃሪያው ጫፍ አሯል። በዚህ ብርድ ቀዝቃዛ ድራፍት ማን ይጠጣል ትሉ ይሆናል። ፍም አጠገብ ለተቀመጠ ሰው ግን ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም።

ከሁሉ በላይ ያስደሰተኝ የቀኑ አመራረጥ ነው። የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ይፈታል፣ ፍልሰታ ደግሞ ነሐሴ 1 ይገባል። ረቡዕና ዓርብ ሲቀነሱ ለጿሚ ሰው የሚተርፈው ሦስት ሳምንት እንኳ አይሞላም። ይህን አስቦ ድግስ የደገሰ ባለቤት ደንበኛውን ያውቃል።

ክረምት ሲገባ አዲስ አበቤ ከሥራ በቀጥታ ወደ ቤቱ ነው የሚሮጠው። ለወራት የማንገናኝ ጓደኛሞች አለን። እዚያ ግን የማይተዋወቅ ሰው ጃንጥላውን ጥግ አስደግፎ አንድ ጠረጴዛ ይጋራል። አጠገቤ የነበሩ አባት «ና ልጄ፣ ወደ እሳቱ ጠጋ በል» አሉኝና አዋዜ አስነክተው አጎረሱኝ። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅሁም።

አንድ ነገር ቢጨመር ደስ ይለኛል፦ ለማይጠጣ ሰው ከለስላሳ ሌላ ትኩስ የቅመም ሻይ ቢኖር።

እናንተ ሰፈርስ እንዲህ ያለ ቤት አለ? ነገ ረቡዕ ነው፤ ለሐሙስ እንድንቀጣጠር የምታውቁትን ጠቁሙኝ።