ምሕረትና ካሣ

ብዙ ሰዎች ይቅር ያለ ሰው ካሣ መጠየቅ የማይገባው ይመስላቸዋል። እኔ ግን ምሕረት የልብ፥ ካሣ የእንጀራ ነገር መሆኑን በአንድ ጎረቤቴ መከራ አየሁ።

ይህ ሰው በአራዳ ልብስ ሰፊ ነበር። አንድ ማታ በቴዎድሮስ አደባባይ መንገድ ሲሻገር መኪና መታውና የወገቡ አጥንት ተሰብሮ ሁለቱ እግሮቹ ሰለሉ። እጁ ቢተርፍም የስፌቱን መኪና የሚያዞረው እግር ነውና፥ በመኪና ያድር የነበረ ሰው በመኪና ከሥራው ወጣ።

ከጥቂት ወራት በኋላ የባለመኪናው ሽማግሌዎች መጡ፤ እኔንም ጠሩኝ። በሽተኛው ከአልጋው ሆኖ፥ «ስለ እግዚአብሔር ብዬ ምሬዋለሁ» አለ። ወዲያው ወረቀት ቀረበና እንዳነበው ተሰጠኝ። ጽሕፈቱ ለመታከሚያ ጥቂት ብር ተቀብሎ ከእንግዲህ ወዲህ ምንም እንዳይጠይቅ የሚያደርግ ነበር። ሚስቱም ቀስ ብላ፥ «የኔታ፥ የማረው ሰውየውን ነው፤ የልጆቹን ምሳስ ምሯልን?» አለችኝ። ሁሉም ዝም አለ፤ ወረቀቱም ሳይፈረም ተመለሰ።

አንባቢ ሆይ፥ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 የመኪና ባለቤት ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ፥ ጉዳቱ የተጎጂው ጥፋት ካልሆነ በቀር፥ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኀላፊ አድርጎታል። ስለዚህ ካሣ መጠየቅ ሰውን ክፉ ነው ማለት አይደለም። ቁጥር 2091 ካሣው ከጉዳቱ ጋራ እኩል እንዲሆን ያዛል፤ ቁጥር 2143 ደግሞ ክሱ በጠቅላላው በ2 ዓመት ውስጥ እንዲቀርብ ይወስናል። በቁጥር 3312 መሠረት ግን በእርቅ የተፈረመ ውል ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ይጸናል። እንግዲህ በኀዘን መካከል የተፈረመች አንዲት ወረቀት የዕድሜ ልክ እንጀራ ልትዘጋ ትችላለች።

ይህ ነገር ለመጻሕፍትም ባዕድ አይደለም። ኦሪት ዘፀአት በምዕራፍ 21 መትቶ ያስተኛ ሰው የተመታው ሥራ የፈታበትን ጊዜ እንዲከፍልና እንዲያሳክመው ታዛለች። ዘኬዎስም የበደለውን አራት እጥፍ ሊመልስ ቃል ገባ እንጂ በይቅርታ ብቻ አልተወውም።

ጎረቤቴ ክሱን ጊዜው ሳያልፍ አቀረበ፤ ፍርዱን ገና ይጠብቃል። ባለመኪናው ሊጠይቀው ሲመጣ ግን ዛሬም ቡና ይፈላለታል። በሽምግልና የምንቀመጥ ሁሉ ይህን ሰው እንመልከት፤ ምሕረቱን ዛሬ እንለምን፥ ሐኪም የጉዳቱን ልክ ሳይጽፍ ግን ስለ ካሣው ማንንም አናስፈርም።