ዓሣ የሌለበት ውሃ

ላፍቶ ያለው የቤት ኅብረታችን በጓሮ ስለጀመረው ሥራ ብዙዎቻችሁ ስትጠይቁን ሰንብታችኋል። «እንደ ጴጥሮስ ወደ ዓሣችሁ ተመለሳችሁ እንዴ?» ያሉንም አሉ። አልተመለስንም። ነገሩ ማክሰኞ ማታ ቃሉን ከምናጠናበት ቤት ጀርባ የቆመ አንድ ባለ 1000 ሊትር ታንከርና ለሁለት የተሰነጠቁ ሁለት በርሜሎች ናቸው። ከመካከላችን ዓሣ ያረባ አንድም ሰው አልነበረም፤ ግማሾቻችን ዓሣ በሕይወቱ ያየነው ዝዋይ ወይም ሀዋሳ ሐይቅ ዳር ቆመን ብቻ ነው።

አኳፖኒክስ ይሉታል። ዓሣና አትክልት በአንድ ውሃ አብረው ያድጋሉ። ዓሣው ታንከሩ ውስጥ ይኖራል፤ ትንሽ ፓምፕ ውሃውን ወደ አትክልቱ መደብ ይገፋዋል፤ መደቡ ውስጥ አፈር የለም፣ ጠጠር ብቻ ነው፤ ውሃው በጠጠሩ መካከል አልፎ ተጣርቶ ወደ ዓሣው ይመለሳል። ያው ውሃ ስለሚዞር የሚጨመረው በትነት የሄደውና አትክልቱ የጠጣው ብቻ ነው። ውሃ በፈረቃ ለሚመጣለት ለላፍቶ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሐሳቡ የትናንት አይደለም፤ የእስያ ገበሬዎች ከጥንት ጀምሮ በሩዝ ማሳቸው ዓሣ ያረቡ ነበር። ዛሬ በሚታወቅበት መልኩ ብዙ የደከሙበት በቨርጂን ደሴቶች ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ጄምስ ራኮሲ ናቸው። በአገራችንም በሀዋሳና በሸዋ ሮቢት ተሞክሯል።

ሀዋሳና ሸዋ ሮቢት ግን ሞቃት ናቸው። ቆሮሶ፣ ማለትም በየምግብ ቤቱ የምንበላው ቲላፒያ፣ በደንብ የሚያድገው ውሃው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሲሆን ነው፤ ከ20 በታች ሲወርድ መብላቱን ይቀንሳል፣ ወደ 10 ሲጠጋ ይሞታል። የእኛን ሌሊት ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ታንከሩን ግማሽ በግማሽ መሬት ውስጥ ቀበርነው፤ በላዩም የላስቲክ ዳስ ሠራንለት። አምባዛ ይሻላል ያሉም ነበሩ፤ መብራት ጠፍቶ ፓምፑ ቢቆም እንኳ ከአየር ስለሚተነፍስ ቶሎ አይታፈንም። ነገር ግን ቅርፊት ስለሌለው ብዙ ጎረቤቶቻችን አይበሉትም። ዘሌዋውያን 11ን እና ሐዋርያት ሥራ 10ን ይዘን ስንከራከር አንድ ሙሉ ማክሰኞ ሄደብን። በመጨረሻ ቆሮሶ አሸነፈ።

ለሚሞክር ሰው ሁለት ነገር እንንገር። ምናለሽ ተራ በርሜል ስትገዙ ቀድሞ ምን እንደነበረበት ጠይቁ፤ የምግብ ዘይት የነበረበት ይሁን እንጂ ኬሚካል የነበረበትን በነጻም ቢሰጧችሁ አትውሰዱ። ለጠጠር ደግሞ ግንበኞች ሬድአሽ የሚሉት ቀይ ድንጋይ ጥሩ ነው፤ ቀላልና ቀዳዳ የበዛበት ነው። አጥባችሁ ጥቂት ኮምጣጤ አፍስሱበት፤ አረፋ ካወጣ ኖራ አለበትና ተዉት።

ከዚህ በኋላ ነው ዋናው ነገር የመጣው። ታንከሩ ሞላ፤ የቧንቧው ክሎሪን እንዲወጣለት ሁለት ቀን ክፍት ተተወ፤ ፓምፑ ዞረ፤ ውሃው እንደ መስታወት ጠራ። ሁላችንም ዓሣ ለመግዛት ተነሣን። የማይቻለው ግን በዚያ ጊዜ ነው። ዓሣ በስንጥቡ በኩል አሞኒያ ያስወጣል፤ አሞኒያው ደግሞ ራሱን ዓሣውን ይገድለዋል። ይህን አሞኒያ የሚበላ አንድ ዓይነት ባክቴሪያ አለ፤ ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል። ናይትራይትም መርዝ ነው፤ የዓሣው ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። ሁለተኛው ዓይነት ባክቴሪያ ያንን ወደ ናይትሬት ሲለውጠው ነው ለአትክልቱ ምግብ የሚሆነው። ሩሲያዊው ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ እነዚህን ፍጥረታት እ.ኤ.አ. በ1890 ገደማ ለይቶ እስኪያሳይ ድረስ በምድር ሁሉ ላይ ይህን ሲሠሩ ማን እንደሚሠራው በውል አይታወቅም ነበር። አዲስ ጠጠር ላይ ደግሞ የሉም ማለት ይቻላል። መጥተው እስኪበዙ ሞቃት ቦታ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ጥር መጨረሻ ላይ በጀመርነው በእኛ ቅዝቃዜ ዘጠኝ ሳምንት ፈጀ።

ዘጠኝ ሳምንት ሙሉ ባዶ ውሃ ስናዞር ከረምን። ባክቴሪያዎቹ የሚበሉት እንዲያገኙ የዓሣ ጭንቅላት በጨርቅ ቋጥረን እንነክራለን፤ ሽታውን ተዉት። ጎረቤት በአጥር ላይ ብቅ እያለ «ዓሣው የታለ?» ይላል። ቆይተው ስም አወጡልን፦ ውሃ ቀላቢዎች።

ውሃውን በየማለዳው የሚለኩት በኅብረታችን ያሉ አንድ አባት ነበሩ። በፈቃዳቸው ነው ይህን የምንጽፈው። የመጨረሻ ልጃቸው ተቀይሞ ከቤት ከወጣ ሦስት ዓመት አልፎታል፤ የት እንዳለ ያውቃሉ፣ ስልክ ግን አያነሣላቸውም። ከአሜሪካ የመጣች አንዲት እህት በሻንጣዋ ያመጣችልንን መለኪያ ይዘው ጠብታውን ያንጠባጥባሉ፤ ቀለሙ አረንጓዴ ከሆነ አሞኒያው አለ፣ ቢጫ ከሆነ ጠፍቷል። ለአምስት ሳምንት አረንጓዴ ነበር። አንድ ማክሰኞ ከጥናት በኋላ ጫማቸውን እያሰሩ፣ «እኔስ ሦስት ዓመት ውሃ ስቀልብ ነው የከረምኩት» አሉ። ማንም ምንም አልመለሰላቸውም።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ማርቆስ ምዕራፍ 4ን ከቁጥር 26 ጀምሮ አነበብን። ይህን ምሳሌ የጻፈው ማርቆስ ብቻ ነው። ሰውየው ዘሩን ይዘራል፣ ይተኛል፣ ይነሣል፤ ዘሩ ይበቅላል፤ እንዴት እንደሆነ ግን አያውቅም። ምድሪቱ በራስዋ ታፈራለች የሚለው ቃል በግሪኩ «አውቶማቴ» ነው፤ አውቶማቲክ የምንለው ከዚሁ ሥር የመጣ ነው። በአዲስ ኪዳን ይህ ቃል ሌላ ቦታ የሚገኘው ሐዋርያት ሥራ 12፥10 ላይ፣ በጴጥሮስ ፊት በራሱ የተከፈተው የብረት መዝጊያ ጋ ነው። በሁለቱም ስፍራ የሰው እጅ የለበትም። በሁለቱም ደግሞ ሰው ሥራ አልፈታም፤ ገበሬው ዘርቷል፣ ቤተ ክርስቲያንም ሌሊቱን ትጸልይ ነበር።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልገናል። ምሳሌው ስለ እግዚአብሔር መንግሥት ነው፤ የልጅ መመለሻ ቀጠሮ አይደለም። ለእኚህ አባት «በዘጠነኛው ሳምንት ይመጣል» ብለን ልንተነብይላቸው አንችልም፤ እንዲህ የሚሉ መድረኮች በከተማችን ሞልተዋል፣ ቀኑ ሲያልፍ የሚቀረውን ሐዘን የሚያነሣው ግን የቤት ኅብረት ነው። ለውሃ ጠብታ አለ፤ የልጃቸውን ልብ የምንለካበት ጠብታ የለንም። ያልነው ይህን ያህል ነው፦ ያልታየ ነገር ሁሉ ያልተጀመረ አይደለም፣ መቀለብዎን አይተዉ። በጌታ ቤት አዲስ ለሆኑትም ያንኑ እናስባለን። ጌታን ከተቀበለ ሁለት ወር ያልሞላውን ወንድም፣ መልኩ ስለጠራልን ብቻ፣ ማይክ አስይዘን ሺህ ሰው ፊት ማቆም ምን እንደሚያደርገው አይተናል። ገና በመፈለግ ላይ ያላችሁም ብትሆኑ በጓደኛችሁ ፍጥነት አትለኩ።

በስምንተኛው ሳምንት አሞኒያው ቢጫ ሆነ። ናይትራይቱ አንድ ሳምንት ሐምራዊ ሆኖ ቆይቶ ወደ ሰማያዊ ተመለሰ። ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ በጀሞና በዓለም ገና በኩል ወደ ሰበታ፣ የዓሣና የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል ወዳለበት ከተማ ወጣንና 40 ጫጩት ዓሣ አየር በተሞላ ላስቲክ ይዘን ተመለስን። ላስቲኩን ታንከሩ ላይ አንሳፈን ውሃው እኩል እስኪሆን ጠበቅን፤ ከዚያ ለቀቅናቸው። ሁለቱ በመጀመሪያው ሳምንት ሞቱ፤ 38ቱ አሉ።

አሁን ሰኔ ነው። ቆስጣውን ሦስት ጊዜ ቆርጠን ለአሥር ቤት አካፍለናል፤ ሰላጣው ደህና ነው፤ ቃሪያው እምቢ ብሏል። ዓሣዎቹ በቅዝቃዜው ምክንያት ቀስ ብለው ነው የሚያድጉት፤ ለገና ይደርሱ ይሆናል፣ ላይደርሱም ይችላሉ። መብራት ሲጠፋ በተራ ገብተን በጆግ ውሃ ከላይ እናፈስላቸዋለን፤ አየር የሚያገኙት እንዲያ ነው። ልጁ አልመጣም። ማክሰኞ ማክሰኞ ስሙን እንጠራለን። አባትየው አሁንም በየማለዳው መጥተው ይለካሉ፤ በየቀኑ መለካት እንደማያስፈልግ ነግረናቸዋል፣ ግን ይመጣሉ።

ማየት የምትፈልጉ ማክሰኞ ከ11 ሰዓት በፊት ድረሱ። ከመሸ ዓሣዎቹ ወደ ታች ስለሚወርዱ አይታዩም።