ግማሽ ቀይ፣ ግማሽ ጥቁር

ቅዳሜና እሑድ ጠዋት ለልጆች ቴኳንዶ አሠለጥናለሁ። ከወላጆች የሚመጣውን ጥያቄ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ አውቀዋለሁ፦ «ጥቁር የምታስረው መቼ ነው?» አንዳንዶቹ ለምዝገባ በመጡበት ቀን ይጠይቁኛል። ልጅቷ እኮ ገና ነጩን ቀበቶ ራሷ ማሰር አልቻለችም!

በዚህ ጉዳይ ሰው ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው ወገን «የ9 ዓመት ልጅ ምን ጥቁር ቀበቶ አለው፣ ቀልድ ነው» ይላል። ብዙውን ጊዜ እንዲህ የሚለው እሱ ራሱ ስንት ዓመት ላቡን አንጠፍጥፎ ያገኘው ሰው ነው፤ ንዴቱ ይገባኛል። ሌላኛው ደግሞ «ከፍያለሁ፣ ልጄ አንድ ቀን አልቀረም፣ ይገባዋል» ባይ ነው። ሁለቱም ግን ጥቁር ቀበቶን የመጨረሻ ነገር አድርገው ነው የሚያዩት። ችግሩ እዚያ ላይ ይመስለኛል።

ዳን የሚባለው ደረጃ እኮ ከድብድብ አልመጣም። ጃፓኖች ጎ በሚባለው የሰሌዳ ጨዋታ ተጫዋቾችን የሚመዝኑበት ነበር። የጁዶ መሥራች ጂጎሮ ካኖ፣ በሙያው መምህር የነበረው ሰውዬ፣ እ.ኤ.አ. በ1883 ለሁለት ተማሪዎቹ የመጀመሪያውን ዳን ሰጠ። ስሙ ሾዳን ነው፤ «ሾ» ማለት ደግሞ ጅማሬ። ወደኛ ስናመጣው ዳዊት የደገመ ልጅ በሉት። ቄስ ትምህርት ቤት የገባ ልጅ ዳዊት ሲደግም ቤተሰቡ ይደሰታል፣ አቅም ያለውም ይደግሳል። ደስታቸው የውሸት አይደለም። ግን ማንም ተነስቶ «ልጄ መሪጌታ ሆነ» አይልም። ዜማው፣ ቅኔው፣ መጻሕፍቱ ገና ከፊቱ ናቸው።

ኮሪያዎቹም ነገሩን አስበውበታል። ሴኡል ያለው የቴኳንዶ ዋና ማዕከል ኩኪዎን ከ15 ዓመት በታች ላለ ልጅ የመጀመሪያ ዳን አይሰጥም፤ የሚሰጠው ፑም ነው። የፑም ቀበቶ ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ ጥቁር። ልጁ 15 ሲሞላው ወደ ዳን ያስቀይረዋል። ለኔ ይሄ ከብዙ ክርክር የሚገላግል ሐቀኛ ቀበቶ ነው፤ ልፋትህን አይቻለሁ፣ ግን ገና ልጅ ነህ ይላል። ምን ዋጋ አለው፣ ፎቶ ላይ አያምርም ተብሎ ሙሉ ጥቁር የሚታሰርላቸው ሕፃናት ሞልተዋል።

የብራዚል ጁጁትሱ ሰዎች ደግሞ ጨክነዋል። የነሱ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ሰማያዊ ቀበቶ ከ16 ዓመት በታች፣ ጥቁር ደግሞ ከ19 በታች አይፈቅድም። ለልጆች ግራጫ፣ ቢጫ፣ ብርቱካናማና አረንጓዴ አላቸው። እዚያ ቀበቶው የሚመዘነው ከምር እየታገለህ ካለ ሰው ጋር ነው፤ ስለዚህ ጥቁር ያሰረ ሰው ትልቅ ሰው ጥሎ መያዝ ይጠበቅበታል። ከኛ ልጅ የሚጠበቀው ስምንቱን ቴጉክ አስተካክላ እንድትሠራ፣ ጣውላ እንድትሰብርና ከእኩያዋ ጋር እንድትጋጠም ነው። ይሄን ያሟላች የ9 ዓመት ልጅ ፑም ብታስር ቅር አይለኝም። ስምንተኛውን ሳታውቅ «በርታ በሉላት» ተብሎ ካሳለፏት ግን ቅር ይለኛል።

ቅር ከማለትም አልፎ የሚያስፈራኝ ሌላ ነገር አለ። በቅርቡ አንዷ ተማሪዬ፣ ያው 9 ዓመቷ ነው፣ «ማስተር፣ ጥቁር ካሰርኩ በኋላ ትልቅ ሰው ቢይዘኝ እጥለዋለሁ አይደል?» አለችኝ። እናቷ አጠገቧ ቆማ ፈገግ ብላለች።

«አትጥይውም» አልኳት። «ትጮኺያለሽ፣ ታመልጫለሽ፣ ትሮጫለሽ።»

የእናትየው ፈገግታ ጠፋ። «ታዲያ ለምንድነው በየወሩ የምከፍለው?»

መልሱን በቃል ማስረዳት አልሆነልኝም። 80 ኪሎ የሚመዝን ባልደረባዬን ጠራሁትና እናቷ እያየች የልጅቷን እጅ ያዝ አልኩት። ታገለች፣ ረገጠችው፣ ፊቷ ቀላ፤ ንቅንቅ አላለም። ማልቀስ ስትጀምር ለቀቃት። ከዚያ በአውራ ጣቱ በኩል እጇን አዙራ እንዴት እንደምትመነጭቅ አሳየናት። ላላ አድርጎ ሲይዛት በሦስተኛው ሙከራ አመለጠች፤ በደንብ ሲይዛት ግን አልቻለችም። ያን ጊዜ «እና ልጩህ?» አለችኝ። ጩኺ አልኳት። አዳራሹ እስኪያስተጋባ ጮኸች፤ ኪያፕ ላይ እንኳ እንደዚያ ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም።

እናትየው ምንም ሳትለኝ ልጇን ይዛ ሄደች። አትመለስም ብዬ ነበር፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን መጡ። ፈተናዋ የሚመጣው ወር ነው። ቴጉክ ስምንት ላይ ዘልላ የምትመታው ምት አሁንም ይወላገዳል፤ ካልተስተካከለ አላስፈትናትም፣ ለእናቷም ነግሬያታለሁ። እጅ ማስለቀቁን ግን ቤት ውስጥ ለታናሽ ወንድሟ እያስተማረችው ነው አሉ፣ ጩኸቱንም ጭምር። ጎረቤት ተማርሯል።